ሳይንሳዊ ልብ ወለድን በቤተ መጻሕፍት የንባብ ክበብ ማወያየት፦ ከመጽሐፍ መረጣ እስከ ቅጂ መሰብሰብ

የታሪክ ወይም የፍቅር ልብ ወለድ ሲሆን ውይይቱ ራሱ ይሄዳል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሲመጣ ግን ክበቡ ይሰናከላል። ገና ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ «ይህ እኮ ሊሆን አይችልም» ይላል፤ ሌላው «ከእምነታችን ጋር ይጋጫል» ይላል፤ ሦስተኛው መጽሐፉን ትቶ የሰሞኑን ፖለቲካ ያነሳል፤ የቀሩት ስልካቸውን ያወጣሉ። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ቡሬ፣ ሞጣም ሁኑ ዳንግላ፣ ክበባችሁ እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። የቅደም ተከተል ጥፋት ነው።

የጎጃም አንባቢ ወርቁን ለማግኘት ይቸኩላል። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ሰው ነውና አይፈረድበትም። ቅኔ ቤትም ቢሆን ግን ሰሙ በደንብ ሳይያዝ ወርቁ አይፈታም። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሰሙ የታሪኩ ዓለም ሕግ ነው፦ በዚያ ዓለም ምን ተለወጠ? ከዚያስ የተነሳ ምን ሆነ? ተወያዪው በዚህ ላይ ሳይስማማ ወደ ትርጉም ከገባ እያንዳንዱ ስለየራሱ መጽሐፍ ነው የሚያወራው። ከታች ያለው አካሄድ ሁሉ ሰሙን ለማስቀደም የተሠራ ነው።

## ደረጃ 1፦ መጽሐፉን ምረጡ (ከስብሰባው 6 ሳምንት በፊት)

አራት ነገር አረጋግጡ።

1. አጭር ይሁን። ከ200 ገጽ አይለፍ።
2. በአንድ ቅጽ የሚያልቅ ይሁን። የተከታታይ መጽሐፍ አንደኛ ክፍል አትምረጡ፤ መልሱ በሁለተኛው ክፍል ስለሆነ ውይይቱ ተንጠልጥሎ ይቀራል።
3. በአንድ ትልቅ ለውጥ ላይ የቆመ ይሁን። አሥር አዳዲስ ፍጡርና ሃያ መሣሪያ የሚደረድር መጽሐፍ ለጀማሪ ክበብ አይሆንም።
4. ከአዘጋጆቹ ቢያንስ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ያነበበው ይሁን። በሽፋኑና በሰው ወሬ ብቻ መምረጥ ትልቁ ስህተት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ክበብ የኤች ጂ ዌልስ «ዘ ታይም ማሺን» የመጀመሪያዎቹን ሦስት ያሟላል፤ አራተኛው የእናንተ ሥራ ነው። በፈረንጆች 1895 የወጣ፣ በጊዜ መኪና ወደ ሩቅ ዘመን ስለሚጓዝ ሰው የሚተርክ፣ 32,000 ቃል ገደማ የሆነ እንግሊዝኛ ነው። በዚህ መመሪያ ምሳሌ የሚሆነንም እርሱ ነው።

የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ዌልስ የሞተው በፈረንጆች 1946 ስለሆነ ይህን መጽሐፍ ማተምና ማባዛት ትችላላችሁ። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ከመረጣችሁ ግን ሙሉውን ፎቶ ኮፒ አታንሱ፣ በቴሌግራምም አትላኩ። ተዋጥታችሁ ግዙ።

## ደረጃ 2፦ ቅጂ አዘጋጁና አዙሩ (ከ5 ሳምንት በፊት)

የመጽሐፉን ፋይል ኔትወርክ ባለበት ቀን ከኢንተርኔት አስቀድማችሁ አውርዱና በሁለት ፍላሽ ያዙ። በኤ4 ወረቀት፣ በ12 ነጥብ ፊደል ሲታተም ከ60 እስከ 70 ገጽ ይሆናል፤ ፊትና ጀርባ ከታተመ 35 ወረቀት ይበቃዋል። ሁሉንም ቅጂ ከአንድ ፋይል አትሙ፤ ያለዚያ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምም። አስጠርዙና ሽፋኑ ላይ በቀይ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላችሁ ቁጠሩ። በጀርባው የውስጥ ገጽ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ስም፣ የወሰደበት ቀን፣ ፊርማ።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። እንግሊዝኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚያነብ ሰው በደቂቃ 100 ቃል ቢያነብ መጽሐፉ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጅበታል። በቀን 50 ደቂቃ ቢያነብ በሳምንት ይጨርሳል። ስለዚህ 12 አባላት 4 ቅጂ ይዘው በ3 ሳምንት ያዳርሳሉ፤ አንዷ ተጨማሪ ሳምንት ለዘገየ ሰው ናት። ስማርት ስልክ ያለው በስልኩ ያንብብ፣ የታተመው ለሌለው ይሂድ።

*የሚበላሸው እዚህ ነው፦* በመጀመሪያው ሳምንት ያነበበ ሰው እስከ ስብሰባው ይረሳል። ቅጂውን ከመመለሱ በፊት በራሱ ደብተር አሥር መስመር እንዲጽፍ አድርጉ፦ ምን ሆነ፣ የት ላይ ግራ ገባኝ፣ የትኛው ቦታ አልለቅ አለኝ። ደብተሩን ይዞ ይምጣ።

ሌላው ችግር የምዕራፍ አከፋፈል ነው። ይህ መጽሐፍ በአንዳንዱ ኅትመት 12፣ በአንዳንዱ ደግሞ 16 ምዕራፍ አለው። በስልክ ሲነበብም ገጹ በፊደሉ መጠን ይለዋወጣል። ስለዚህ «ምዕራፍ 8ን አንብቡ» አትበሉ፤ «መኪናው ከጠፋበት ቦታ እስከ ጉድጓዱ መግቢያ» በሉ።

## ደረጃ 3፦ ቀንና ክፍል ያዙ

ከ8 እስከ 14 ሰው ጥሩ ነው። ከ15 ካለፈ ለሁለት ክፈሉት።

ቀን ስትመርጡ የከተማችሁን የገበያ ቀን፣ የወሩን ትልልቅ በዓላት (12፣ 21፣ 27፣ 29) እና የአባላቱን የማኅበር ቀን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የቤተ መጻሕፍቱን አዳራሽ አትጠይቁ፤ ወንበሩ የተማሪዎቹ ነው። ከንባብ አዳራሹ የተለየ፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል ያስፈልጋችኋል።

ክረምትን ተጠንቀቁ። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። በክረምት ስብሰባውን ጠዋት 3 ሰዓት አድርጉት። በበጋ ከቀኑ 8 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ሰው ሳይመሽበት ቤቱ ይገባል።

ፕሮጀክተር ላይ አትመኩ፤ መብራት ይጠፋል። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ፣ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ወረቀትና ማርከር ይበቃል።

## ደረጃ 4፦ አንድ ገጽ መፍቻ ጻፉ

አንባቢ መጽሐፉን የሚጥለው ታሪኩ ሰልችቶት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ አሥር ገጾች ሦስት የማያውቀው ጽንሰ ሐሳብ ስለገጠመውም ነው። ከ8 እስከ 12 ቃል በአማርኛ አብራሩና ከመጽሐፉ ጋር አብራችሁ ስጡ። መዝገበ ቃላት አትገልብጡ፤ ሰው በሚኖርበት ነገር አስረዱ።

ለምሳሌ የጊዜ ተጓዡ ገና ከመጀመሪያው ጊዜ «አራተኛ አውታር» ነው ይላል። እንዲህ ጻፉት፦ «ባሕር ዳር ከጓደኛችሁ ጋር ልትገናኙ ነው። መንገዱንና ማቋረጫውን ነገራችሁት፤ ይህ ሁለት መረጃ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነው አላችሁት፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ሰዓቱን ካልነገራችሁት ግን አትገናኙም። አራተኛው አውታር ያ ሰዓት ነው።» ይህን ያነበበ ሰው ምዕራፉን ይሻገራል። ዌልስ ይህን የጻፈው የአንስታይን ልዩ አንጻራዊነት በ1905 ከመውጣቱ 10 ዓመት ቀድሞ ስለሆነ፣ ፊዚክስ የሚያውቅ አባል ካላችሁ መፍቻውን እርሱ ይመልከተው።

«ዝግመተ ለውጥ» እና «መላምት» የሚሉትንም አትዝለሉ። ሁለተኛው በተለይ ለጥያቄዎቻችሁ ያስፈልጋል።

## ደረጃ 5፦ ጥያቄ አዘጋጁ

ስድስት ጥያቄ ጻፉ፤ አራቱን ትጠቀማላችሁ። «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትክፈቱ፤ መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነውና ያበቃል። «በጊዜ መጓዝ ይቻላል ወይ?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ ማንም ሊያረጋግጠው የማይችል ክርክር ስለሆነ ሰዓቱን ይበላዋል።

ጥሩ ጥያቄ ሰውን ወደ ገጹ ይመልሳል። ሦስት ምሳሌ፦

- ተጓዡ ስለ ኤሎይ (በሩቁ ዘመን ከመሬት በላይ ስለሚኖሩት ፍጡራን) የነበረው መላምት ተለዋውጧል። መጀመሪያ በምቾት የደከመ የሰው ልጅ መሰሉት፤ ቀጥሎ ጌቶች ናቸው፣ ከመሬት በታች ያሉት ሞርሎኮች አገልጋይ ናቸው አለ፤ በመጨረሻ ሞርሎኮች ኤሎይን እንደሚበሉ ገባው። በየጊዜው ሐሳቡን ያስለወጠው የትኛው ማስረጃ ነው?
- ጸሐፊው መኪናው እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አልነገረንም። ቢነግረን ታሪኩ ምን ይጎድልበት ነበር?
- ክብሪት ባይኖረው ታሪኩ የት ላይ ያበቃ ነበር?

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ግን ያላነበበውን ሰው እንኳ የሚያነቃው እርሱ ነው። ክብሪቱ መቼ መቼ እንደተጫረ ሰዎች ሲቆጥሩ የሞርሎኮች ፍርሃት፣ የጫካው ቃጠሎና የዊና (የተጓዡ ኤሎይ ጓደኛ) መጥፋት አንድ በአንድ ይወጣል።

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆናችሁ አንድ ክፍል ጮክ ብላችሁ እንድታነቡ አጥብቀን እንመክራለን፦ ተጓዡ በአረንጓዴው ሸክላ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቡናማ ጨርቅ መስሎ የተንጠለጠለውን ነገር አይቶ የመጻሕፍት ብስባሽ መሆኑ የሚገባው ቦታ። አንባቢውን አስቀድማችሁ ምረጡ፤ በቤቱ ሦስት ጊዜ ይለማመደው። እንግሊዝኛው አንድ ጊዜ፣ አስቀድማችሁ የተረጎማችሁት አማርኛ አንድ ጊዜ ይነበብ።

## ደረጃ 6፦ ዕለቱን በደቂቃ ምሩ

ከ7፡30 ጀምሮ ወንበሮቹን ክብ አድርጉ። የክብር ወንበር አትለዩ። መስኮት ክፈቱ። ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉትና በቀኙ «ሰም»፣ በግራው «ወርቅ» ብላችሁ ጻፉ። ከግርጌው «ይቆየን» የምትል ትንሽ ቦታ ተዉ።

8፡00፦ ማሟሟቂያ (10 ደቂቃ)። መጽሐፉን ያላነበበም የሚመልሰው እንቆቅልሽ ስጡ፦ «ተጓዡ የደረሰበት ዓመት በፈረንጆች 802,701 ነው። በእኛስ?» አብዛኛው ሰው 8 ቀንሶ 802,693 ይላል። አወያዩ እንዲህ ያስረዳ፦ እኛ በየ4 ዓመቱ ሳናዛንፍ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን፤ ፈረንጆቹ ግን በ400 ዓመት ውስጥ 3 ቀን ይዘላሉ። በ800,000 ዓመት 6,000 ቀን፣ ማለትም ከ16 ዓመት በላይ ይሆናል። ስለዚህ መልሱ ወደ 802,677 ይጠጋል። አንድ ትንሽ ደንብ በረጅም ዘመን የሚያመጣውን ለውጥ ሰው በዓይኑ አየ ማለት ነው፤ የመጽሐፉም ነገር ይኸው ነው።

8፡10፦ ሰሙን ያዙ (20 ደቂቃ)። የሚጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ያለ ነገር ብቻ ነው። ምን ተለወጠ? ላይ የሚኖረው ማን ነው? ታች ያለውስ? ምን ይበላሉ? ምን ይፈራሉ? እያንዳንዱ ተናጋሪ ከታሪኩ ቦታውን ይጥቀስ። «እኔ እንደሚመስለኝ» የሚል ሲመጣ «ጥሩ ነው፣ ወርቁ ላይ እንመጣበታለን» በሉና ይቆየን ሥር ጻፉት። ሰሌዳው ላይ ከ8 እስከ 10 ሕግ ሲሰፍር አቁሙ። ኤሎይ የሚለውን ስም ሰምቶ «ኤሎሄ ኤሎሄ» ትዝ የሚለው ሰው አይጠፋም፤ እርሱንም ይቆየን ሥር አስፍሩት፤ አሁን ከተከፈተ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

8፡30፦ ንባብ (10 ደቂቃ)። የመረጣችሁት ክፍል ይነበብ። ካለቀ በኋላ አንድ ሙሉ ደቂቃ ዝም በሉ። አወያይ ዝምታውን ለመሙላት አይቸኩል።

8፡40፦ ወርቁ (40 ደቂቃ)። አራቱ ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ። እዚህ ላይ የመናገር ተራ ወሳኝ ነው። በእኛ ዘንድ ጋሼ ወይም የኔታ ቀድመው ከተናገሩ ልጆቹ ተቃራኒ ሐሳብ ይዘው አይወጡም፤ ነውር ነውና። ስለዚህ ከዕድሜ ትንሹ ይጀምር። ለታላላቆቹ አስቀድማችሁ፣ ከስብሰባው በፊት፣ «ጋሼ፣ ልጆቹ ይጀምሩና ማሰሪያውን ከእርስዎ እንስማ» በሏቸው። በደስታ ይቀበላሉ፤ ንግግራቸውም የልጆቹን ሐሳብ የሚያቃና ይሆናል።

9፡20፦ ማሰሪያ (10 ደቂቃ)። ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፦ ሐሳቤ የት ላይ ተለወጠ? ይቆየን ሥር ከቀሩት አንዱን መልሱ። የሚቀጥለውን መጽሐፍ አሳውቁ።

ቡና የሚፈላው ከዚህ በኋላ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ይሄዳል፤ በውይይቱ መካከል ከገባ ሲኒ ሲቀርብና ሲመለስ ሐሳብ ይቆረጣል። በውይይት ሰዓት ውኃ፣ ቢበዛ ሻይ በፔርሙስ ይበቃል። በጾም ቀን የወተት ነገር አታቅርቡ። የከሰል ምድጃ በተዘጋ ክፍልና በመጽሐፍ መደርደሪያ አጠገብ ፈጽሞ አታስገቡ፤ እሳቱ ለመጽሐፍ፣ ጭሱ ለሰው ሕይወት አደገኛ ነው። በረንዳ ላይ ይፈላ።

## ሲበላሽ ምን ይደረጋል?

ግማሹ ሰው ሳያነብ መጣ። አትቆጡ፣ ወደ ቤቱም አትመልሱት። ሰሙን ያነበቡት ይናገሩ፤ ያላነበቡት በሰሌዳ ይጻፉ፣ ይጠይቁ። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ካላነበበ ግን ዕቅዱን ቀይሩና የዘውጉን አሠራር በራሳችሁ አገር ሥሩት። በሰሌዳው መሐል ጻፉ፦ «ጎጃም ላይ ጤፍ ጨርሶ የማይበቅልበት ዘመን ቢመጣስ?» ደንቡ አንድ ነው፦ ለውጡ አንድ ብቻ፣ የቀረው ሁሉ ከዚያ የተከተለ።

መጀመሪያ የሚመጣው ቀላሉ ነው፤ «እንጀራ በምን እንጋግራለን?» አትርኩ። «ከዚያስ?» በሉ። የቢቸና ገበያ ምን ይሸጣል? ጎተራው ምን ይያዝበታል? ሠርግ ያለ እንጀራ እንዴት ይደገሳል? ጭድ ከሌለ ከብቱ ምን ይበላል፣ ቤቱስ ምን ተቀላቅሎበት ይመረጋል? «ከዚያስ?» አምስት ጊዜ ሲጠየቅ ሰው ስለ እህል ማውራቱን ትቶ ስለ ዘመድነት፣ ስለ መሬትና ስለ ስደት ማውራት ይጀምራል። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚጻፈው እንዲህ ነው። ያላነበቡት መጽሐፉን ይዘው የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ስብሰባውን በ2 ሳምንት ድገሙት።

የእምነት ክርክር ተነሣ። «ዝግመተ ለውጥ እውነት ነው» እና «አይደለም» በሚሉ ሰዎች መካከል አትፍረዱ። ይህን በሉ፦ «ጸሐፊው ‹ቢሆንስ› ብሎ ነው የጀመረው። እኛም ቢሆንስ ብለን እስከ 9፡20 እንከተለው፤ የየራሳችን እምነት እንደያዝነው ነው።» የእምነት ሰው ሐሳብ ግን አታፍኑ። ሰው ሰውን ስለመብላቱ፣ ስለ ምቾትና ስለ ስንፍና ከሁሉ የጠለቀውን የሚናገረው ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነት ተማሪው ነው፤ ሰሙ ከተያዘ በኋላ ተራውን ስጡት።

ወደ ሰሞኑ ፖለቲካ ተንሸራተተ። ተናጋሪውን «ይህን የሚመስል በመጽሐፉ የት አለ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቦታ ከጠቀሰ ይቀጥል። ካልጠቀሰ ቃሉን በትሕትና ወደሚቀጥለው ሰው አሻግሩ።

አንድ ሰው ብቻውን ያወራል። ትልቅ ሰው ከሆነ ትንፋሽ ሲወስድ ጠብቁና «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህችን ነጥብ ሰሌዳው ላይ ልያዛት» ብላችሁ ተነሡ፤ እየጻፋችሁ ሌላውን ጥሩ። እኩያ ከሆነ «አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይናገር» የሚለውን ደንብ አስታውሱት። ደንቡ እንዲሠራ ግን መጀመሪያ ላይ ለሁሉም መነገር አለበት።

ሁሉም ዝም አለ። ጥያቄውን አትድገሙት። ሁለት ሁለት ሆነው ለ3 ደቂቃ እንዲነጋገሩ አድርጉ፤ ከዚያ «ጓደኛህ ምን አለ?» በሉ። የሌላን ሐሳብ መናገር ከራስ ሐሳብ ይቀላል።

ዝናብ ወረደ ወይም መብራት ጠፋ። ክቡን አጥብባችሁ በር አጠገብ ተጠጉ። ካልተሰማ ንባቡን አሸጋሽጉና በዝናቡ ሰዓት እያንዳንዱ መልሱን በወረቀት ይጻፍ፤ ሲያባራ ወረቀቶቹ ተቀያይረው ይነበቡ።

## ደረጃ 7፦ በዚያው ሳምንት ጨርሱ

ሰሌዳው ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት። የክበቡ ጸሐፊ ግማሽ ገጽ ይጻፍ፦ ስንት ሰው መጣ፣ ስንቱ አንብቦ ጨረሰ፣ የትኛው ጥያቄ ሠራ፣ የትኛው ሞተ። የሞተውን ጥያቄ ለምን እንደሞተ በአንድ መስመር ጨምሩ፤ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ጥያቄ ስትጽፉ መጀመሪያ የምታነቡት እርሱን ነው። ወረቀቱን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ በአንድ ፋይል አኑሩት፤ አወያይ ሲቀየር ተተኪው ከዜሮ አይጀምርም።

አራቱን ቅጂዎች በቁጥራቸው ተረከቡ። የተቀደደ ገጽ ካለ አትማችሁ ተኩት፤ መፍቻውን ከውስጡ አጣብቁና ለቤተ መጻሕፍቱ አስረክቡ። አንድ ቅጂ ከጎደለ ከመዝገቡ የመጨረሻው ተረካቢ ማን እንደሆነ እዩና ደውሉለት (ስለዚህ ፊርማውን በቅጂው ጀርባ ብቻ ሳይሆን በእናንተም ደብተር ያዙት)። በቴሌግራም ቡድን ስሙን አትጥሩ፤ ያፈረ አባል ቅጂውንም ይዞ ይቀራል፣ እርሱም አይመለስም።